መንገድ ላይ የዋለ ዕቃ ኪሳራው የማን ነው?

ከፖስታ የፊልም ኪራይ ታሪክ የደብረ ታቦር አከራይ የሚያገኘው ትምህርት

ዕቃ የሚሸጥና ዕቃ የሚያከራይ ነጋዴ መንገድን በአንድ ዓይን አያዩትም። ከፋርጣ ድንች ጭኖ ወደ ባሕር ዳር የላከ ነጋዴ መንገዱን የሚቆጥረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዕቃው ደርሶ ከተራገፈ በኋላ የሚጠብቀው ገንዘቡን እንጂ ድንቹን አይደለም። ወንበር፣ ድንኳን፣ የድምፅ መሣሪያ ወይም የፊልም ካሴት የሚያከራይ ሰው ግን የላከው ዕቃ ተመልሶ መጋዘኑ እስኪገባ ድረስ ሌላ ገቢ አያገኝበትም። ለእርሱ መንገዱ ሁለት ነው፤ መሄጃና መመለሻ። በሁለቱም ላይ የባከነ እያንዳንዱ ቀን ካፒታሉ ሥራ ፈትቶ የዋለበት ቀን ነው።

ይህ ነገር ለደብረ ታቦርና በአጠቃላይ ለደቡብ ጎንደር ደጋ ነጋዴዎች የወረቀት ጥያቄ አይደለም። ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦር፣ በክምር ድንጋይና በነፋስ መውጫ አድርጎ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ የአካባቢው የንግድ ጀርባ አጥንት ነው። መንገዱ ሲዘጋ ወይም መኪና ሲጠፋ የሚሸጠውም የሚከራየውም ይቆማል። የሚከራየው ግን ሁለት ጊዜ ይቆማል።

የኪራይ ዕቃ መዘግየት ሒሳብን በዓለም ላይ በግልጽ ያሳየው ኩባንያ በፖስታ ፊልም ሲያከራይ የኖረው የአሜሪካው ኔትፍሊክስ ነው። የዚህ ኩባንያ የሃያ አምስት ዓመት ታሪክ ለአንድ የደብረ ታቦር አከራይ ሩቅ ቢመስልም ስሌቱ ግን አንድ ነው።

ከቪዲዮ ቤት እስከ ፖስታ ሣጥን

በ1980ዎቹ መጨረሻ ዓመታት የቪዲዮ ቤቶች በክፍለ ሀገር ከተሞች ሲስፋፉ አሠራሩ ቀላል ነበር። ደንበኛው መታወቂያ ወይም ገንዘብ ያስይዛል፣ ካሴቱን በአዳር ሒሳብ ይወስዳል፣ ካዘገየ ይቀጣል። ባለ ቪዲዮ ቤቱ ከከተማው ውጭ ላለ ሰው ማከራየት አይወድም ነበር። ምክንያቱን ለመረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በከተማው ውስጥ በየምሽቱ የሚከራይ አንድ ካሴት በወር እስከ ሠላሳ ጊዜ ሊከራይ ይችላል። ያው ካሴት በአውቶቡስ ወደ ነፋስ መውጫ ተልኮ አንድ ቀን ለመሄጃ፣ አንድ አዳር ለመታያ፣ አንድ ቀን ለመመለሻ ቢወስድ በወር የሚከራየው አሥር ጊዜ ብቻ ነው። የኪራዩ ዋጋ አንድ ሆኖ ሳለ የጋይንቱ ደንበኛ የያዘው የሦስት ሰው ተራ ነው ማለት ነው።

በፖስታ መላክም አማራጭ አልነበረም። የኢትዮጵያ ፖስታ አገልግሎት በ1886 ዓ.ም. የተቋቋመ አንጋፋ ድርጅት ቢሆንም ለረዥም ዘመን ደብዳቤ ሲያደርስ የኖረው ወደ ፖስታ ሣጥን እንጂ ወደ እያንዳንዱ ሰው ደጅ አልነበረም። የቪዲዮ ካሴት ደግሞ ከባድና ለፖስታ ውድ ነው።

አሜሪካ ውስጥም ካሴቱ ውድ ነበር። ነገሩን የለወጠው ቀጭኑ የዲቪዲ ዲስክ ነው። ሪድ ሄስቲንግስና ማርክ ራንዶልፍ ኔትፍሊክስን በካሊፎርኒያ ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት አንድ የሙዚቃ ዲስክ በተራ ፖስታ ከተው ሳንታ ክሩዝ ወደሚገኘው የሄስቲንግስ ቤት በመላክ ሳይሰበር መድረሱን አረጋግጠዋል። ድርጅቱ በሚያዝያ 1998 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ። በ1999 እ.ኤ.አ. ደግሞ በየኪራዩ ማስከፈሉን ትቶ ወደ ወርኃዊ ክፍያ ተሸጋገረ። የመመለሻ ቀንም የማዘግያ ቅጣትም ቀረ።

የመዘግየትን ትርጉም የለወጠው ይህ የክፍያ ለውጥ ነው።

ስሌቱ

በ2005 እ.ኤ.አ. የኔትፍሊክስ ዋነኛ ውል ይህን ይመስል ነበር። ደንበኛው በወር 17.99 ዶላር ይከፍላል። በአንድ ጊዜ ሦስት ዲስክ መያዝ ይችላል። አንዱን ሲመልስ ሌላ ይላክለታል፤ ብዛቱ ገደብ የለውም ይባላል። በዚያ ጊዜ በአሜሪካ የተራ ደብዳቤ ቴምብር ዋጋ 37 ሳንቲም ነበር። ትልልቅ ላኪዎች ቅናሽ ስለሚያገኙ የኩባንያው ትክክለኛ ወጪ ከዚህ ያንስ ይሆናል፤ ለስሌት ያህል ግን ሙሉው ዋጋ ቢያዝ የአንድ ዲስክ ደርሶ መልስ 74 ሳንቲም ይሆናል።

እንግዲህ ፖስታው ፈጣን ነው እንበል። አንድ ቀን መሄጃ፣ አንድ ቀን መታያ፣ አንድ ቀን መመለሻ፣ አንድ ቀን መጋዘን ውስጥ ማስተካከያ፤ በድምሩ አራት ቀን። ሦስት ዲስክ በእጁ የያዘ ትጉህ ደንበኛ በወር 22 ያህል ፊልም ያያል። ለፖስታ ብቻ የሚወጣበት 16.28 ዶላር ነው። ከ17.99 ላይ ሲነሳ ለኩባንያው የሚተርፈው 1.71 ዶላር ነው። ከዚህ ላይ የዲስኩ ዋጋ፣ የሠራተኛው ደመወዝና የመጋዘኑ ኪራይ ሲነሳ ደንበኛው ኪሳራ ነው።

አሁን ደግሞ መሄጃውም መመለሻውም ሦስት ሦስት ቀን ይፍጅ እንበል። ዑደቱ ስምንት ቀን ይሆናል። ያው ደንበኛ በወር የሚያየው 11 ፊልም ነው። የፖስታው ወጪ 8.14 ዶላር ሲሆን ለኩባንያው የሚተርፈው 9.85 ዶላር ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። በአዳር ለሚያከራየው ባለ ቪዲዮ ቤት የአንድ ቀን መዘግየት ኪሳራው ነው። በወር ለሚያስከፍለው ኩባንያ ግን የአንድ ቀን መዘግየት ትርፉ ሊሆን ይችላል። ዕቃው አንድ ነው፤ መንገዱም አንድ ነው። የተለየው የክፍያው ዓይነት ነው። ክፍያው በየጊዜው ሲሆን የመዘግየቱን ዋጋ የሚከፍለው አከራዩ ነው፤ ክፍያው በወር ሲሆን የሚከፍለው ተከራዩ ነው።

በእርግጥ የመዘግየት ትርፍ ሙሉ ትርፍ አይደለም። በየቀኑ አንድ መቶ ዲስክ የሚጠየቅበት መጋዘን ዑደቱ አራት ቀን ከሆነ አራት መቶ ዲስክ ይበቃዋል። ዑደቱ ስምንት ቀን ሲሆን ያንኑ የቀን መቶ ጥያቄ ለማስተናገድ ስምንት መቶ ዲስክ መግዛት ይኖርበታል። ስለዚህ ለወር ከፋዩ ኩባንያ መንገዱ ራሱ ሲዘገይ ዲስክ ያስገዛዋል፤ ኩባንያው ሆነ ብሎ ተራ ሲያስጠብቅ ግን ወጪ ይቀንስለታል።

ብዙ የሚጠቀመው ደንበኛ

ይኸው ልዩነት ኩባንያውን ፍርድ ቤት አቆመው። በ2004 እ.ኤ.አ. አንድ የሳን ፍራንሲስኮ ደንበኛ «ገደብ የለውም» እና «በአንድ ቀን ይደርሳል» የሚሉት ማስታወቂያዎች እውነት አይደሉም ብሎ በሌሎች ደንበኞች ስም ጭምር ክስ መሠረተ። የክሱ ፍሬ ነገር ብዙ ፊልም የሚያዩ ደንበኞች ሆን ተብሎ እንዲዘገይባቸው ይደረጋል የሚል ነበር።

ኩባንያው ጥፋተኛ ነኝ አላለም። ሆኖም በጥር 2005 እ.ኤ.አ. የአገልግሎት ውሉን አሻሽሎ፣ አንድን ዲስክ ብዙ ሰው ሲፈልገው ቅድሚያ የሚያገኘው ጥቂት ዲስክ የወሰደው ደንበኛ መሆኑን በግልጽ ጻፈ። ቶሎ ቶሎ የሚመልስ ሰው ዲስኩ ሊዘገይበት፣ ከሩቅ መጋዘንም ሊላክለት እንደሚችል አስታወቀ። ክሱም በኋላ በስምምነት አለቀ፤ ለደንበኞቹ የአንድ ወር ነፃ ወይም የተሻሻለ አገልግሎት ተሰጠ።

ለነጋዴ የሚጠቅመው ከክሱ ይልቅ የውሉ መሻሻል ነው። ኩባንያው አሠራሩን አልተወም፤ አሠራሩን በወረቀት ላይ አሰፈረው እንጂ። ደንበኛው ተራ እንደሚጠብቅ አውቆ ከገባ የሚያማርረው ተራውን ነው፤ ሳያውቅ ከገባ ግን የሚያማርረው ነጋዴውን ነው። ኔትፍሊክስ በወር ሁለት ዲስክ ብቻ የሚያስገኝ ርካሽ ውልም ለገበያ አቅርቧል። ገደቡ ስውር ሲሆን ማጭበርበር ይባላል፤ ሲጻፍ ዋጋ ይሆናል።

ለኩባንያው ፍርድ ደግ ሆኖ ማየት ለሚፈልግም መከራከሪያ አይጠፋም። የፊልሙ ቁጥር ውስን እስከሆነ ድረስ አንዱ ቶሎ ሲያገኝ ሌላው ይዘገያል። በወር አራት ፊልም የሚያየው ሰው ያንኑ 17.99 ዶላር ይከፍላል። ሃያ ሁለት የሚያየውን የሚደጉመው እርሱ ነው። ይህን ዝምተኛ ደንበኛ ማስቀደም ፍትሕም ንግድም ነው ማለት ይቻላል። ችግሩ ለሁለቱም «ገደብ የለውም» ብሎ መሸጡ ላይ ነበር።

«ሳይርቅ በቅርቡ»

ኩባንያው በሌላ በኩል መንገዱን ራሱን ለማሳጠር ብዙ ደክሟል። መጀመሪያ መጋዘኑ በካሊፎርኒያ ብቻ ስለነበር በምሥራቅ አሜሪካ ያሉ ደንበኞች ዲስክ የሚደርሳቸው ከቀናት በኋላ ነበር። ራንዶልፍ በ2019 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንደገለጸው በሳክራሜንቶ ከተማ አንድ ሙከራ ተደርጓል። የከተማው ደንበኞች ዲስክ በመኪና ወደ ሳክራሜንቶ እየተወሰደ እዚያው ፖስታ ቤት እንዲገባ ተደረገ፤ በማግሥቱም ይደርስ ጀመር። ውጤቱ ያልተጠበቀ ነበር። ነባር ደንበኞች ፍጥነቱን አይተው በብዛት አልቆዩም፤ አዳዲስ ደንበኞች ግን ጨመሩ። በማግሥቱ ዲስክ የደረሰው ሰው ለጎረቤቱ ነግሯልና።

ከዚያ በኋላ ኩባንያው በአገሪቱ ዙሪያ ከሃምሳ በላይ የማከፋፈያ ማዕከላት ከፈተ። የአማርኛው ተረት «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንደሚለው ነው። ኩባንያው ፖስታ ቤቱን ማፍጠን ስለማይችል ዕቃውን ለፖስታ ቤቱ አቀረበ።

አጓጓዡ ለማን ቅድሚያ እንደሚሰጥም ዋጋ አለው። ጌምፍላይ የተባለ የቪዲዮ ጨዋታ ዲስክ በፖስታ የሚያከራይ ኩባንያ፣ የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት የኔትፍሊክስን ፖስታ በእጅ እየለየ የእኔን ግን ዲስክ በሚሰብረው ማሽን ያሳልፋል ሲል በ2009 እ.ኤ.አ. አቤቱታ አቀረበ። ጉዳዩ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ በጥር 2013 እ.ኤ.አ. ለጌምፍላይ ተወሰነ። መናኸሪያ ውስጥ ዕቃውን ለአውቶቡስ ረዳት በአደራ የሚሰጥ የደብረ ታቦር ነጋዴ የዚህ ክስ ትርጉም አይጠፋውም። ብዙ የሚጭን ሰው ዕቃ ከላይ ይጫናል፤ የአንድ ቀን ደንበኛ ዕቃ ከሥር ይገባል።

መንገድ ብቻውን ጥፋተኛ አለመሆኑን የሚያሳይ ሌላም ነገር አለ። በነሐሴ 2008 እ.ኤ.አ. የኔትፍሊክስ የኮምፒዩተር መዝገብ ተበላሽቶ ኩባንያው ለሦስት ቀን ዲስክ መላክ አልቻለም። ፖስታ ቤቱ ክፍት ነበር፤ ዲስኩም መጋዘን ነበር። የጠፋው ለማን ምን እንደሚላክ የሚናገረው መዝገብ ነው።

በጥር ወር ወንበር ሲያከራዩ

ደብረ ታቦር የጭነትን ነገር ከድሮ ታውቀዋለች። በከተማዋ አጠገብ ጋፋት ላይ የተሠራውን ሴባስቶፖል መድፍ አፄ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ይዘው የተነሱት በጥቅምት 1860 ዓ.ም. መባቻ ሲሆን የደረሱት በመጋቢት ነው። አምስት ወር ከመንፈቅ ያህል ማለት ነው። ጊዜው የፈጀው በመጎተቱ ብቻ አልነበረም። መድፉ የሚያልፍበት መንገድ አስቀድሞ መሠራት ነበረበት።

ዛሬ ከደብረ ታቦር እስከ ነፋስ መውጫ የመኪና ጉዞ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ሆኖም አንድ ወንበር አከራይ ዕቃው በሰዓታት ሲመለስለት አይታይም። ቀኑ የሚባክነው መንኮራኩር ላይ ሳይሆን መኪናው እስኪሞላ ሲጠበቅ፣ ሠርገኛው ድንኳኑን እስኪያፈርስ ሲጠበቅ፣ ጫኝና አውራጅ ሲፈለግ ነው።

የሠርግ ወቅቱ ደግሞ አጭር ነው። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ጊዜ ለአከራይ የዓመቱ መኸር ነው። ለምሳሌ አንድ ነጋዴ 200 ወንበር አለው፤ አንዱን ወንበር ለአንድ ሠርግ በ10 ብር ያከራያል እንበል። የአንድ ጊዜ ገቢው 2,000 ብር ነው። ወቅቱ 36 ቀን ቢሆንና ወንበሩ በየሦስት ቀኑ ቢመለስ 12 ጊዜ ተከራይቶ 24,000 ብር ያስገባል። በየስድስት ቀኑ ከተመለሰ 6 ጊዜ ተከራይቶ 12,000 ብር ያስገባል። ልዩነቱ 12,000 ብር ነው። ይህ ገንዘብ በየትኛውም ደረሰኝ ላይ አይታይም፤ የወጣ ገንዘብ ሳይሆን ያልገባ ገንዘብ ነውና።

ሠርግ በሰንበት አካባቢ ስለሚበዛ ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። ዓርብ መመለስ የነበረበት ወንበር ሰኞ ቢመለስ የዘገየው ሦስት ቀን ቢሆንም የጠፋው የሳምንቱ ገቢ ነው። ማክሰኞ መመለስ የነበረበት ሐሙስ ቢመለስ ግን ምናልባት ምንም አልጠፋም። ስለዚህ ሁሉም የመዘግየት ቀን እኩል ዋጋ የለውም፤ ቅጣቱም እኩል መሆን የለበትም።

አከራዩ ምን ያድርግ? የመጀመሪያው ሐሳብ ሌላ 200 ወንበር መግዛት ነው። የአንዱ ዋጋ 500 ብር ቢሆን 100,000 ብር ይጠይቃል። በዓመት 12,000 ብር እየጨመረ ዋጋውን ለመመለስ ከስምንት ወቅት በላይ ይፈጃል፤ የሚሰበረው ሳይቆጠር። ሁለተኛው ሐሳብ በነፋስ መውጫ ለወቅቱ አንድ ክፍል ተከራይቶ የጋይንት በኩል ወንበሮችን እዚያው ማሳደር ነው። ኪራይና ጥበቃው 4,000 ብር ቢሆን፣ በዚያ በኩል በቂ ሠርግ እስካለና ዑደቱ በዚህ ወደ ሦስት ቀን እስከወረደ ድረስ፣ 8,000 ብር በመጀመሪያው ወቅት ይተርፋል። እነዚህ ዋጋዎች ለስሌት የተወሰዱ ናቸው፤ እያንዳንዱ ነጋዴ የራሱን ቁጥር አስገብቶ ማየት ይችላል። የሳክራሜንቶው ሙከራ የሚለውም ይህንኑ ነው፤ ዕቃ ከመጨመር በፊት ዑደት ማሳጠር።

የቢራ ባዶ ሣጥን የሚሰበስብ አከፋፋይም ከዚህ ስሌት አያመልጥም። ባዶው ካልተመለሰ ሙሉው አይወጣም። እስቴ ወይም ስማዳ አንድ ግሮሰሪ ጓሮ የተከመረ ጠርሙስ የአከፋፋዩ የታሰረ ገንዘብ ነው።

በውሉ ላይ መግባት ያለበት

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭት ምክንያት መንገዶች በተደጋጋሚ ተዘግተዋል። እንዲህ ያለውን መዘግየት ማን ይሸከም የሚለው ጥያቄ በቃል ስምምነት ሲተው ወዳጅ ያጣላል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1792 ከአቅም በላይ የሆነን ኃይል የሚተረጉመው ባለዕዳው በተለመደው ሁኔታ ሊገምተው የማይችል፣ ግዴታውንም እንዳይፈጽም ፍጹም የሚከለክል ነገር ብሎ ነው። ብዙ ጊዜ የተዘጋ መንገድ እንደገና ሲዘጋ «ሊገመት አይችልም ነበር» ማለት ሊያከራክር ይችላል። ስለዚህ የሕጉን ትርጉም ከመጠበቅ አስቀድሞ መጻፍ ይሻላል።

ለአከራይ የሚጠቅሙት ነጥቦች አራት ናቸው። አንደኛ፣ የኪራይ ቀን የሚቆጠረው ዕቃው ከመጋዘን ከወጣበት እስከተመለሰበት ነው ወይስ ደንበኛው ከተረከበበት እስካስረከበበት ነው የሚለው ይጻፍ። ሁለተኛ፣ መንገድ ሲዘጋ ለስንት ቀን ኪራይ እንደማይታሰብ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ሁለቱ ወገኖች እንዴት እንደሚካፈሉት ይወሰን። ሦስተኛ፣ በወር ለሚከፍል ሆቴል ወይም መዝናኛ «በፈለጉ ጊዜ» ብሎ ቃል ከመግባት የጊዜው ብዛት በቁጥር ይነገር። አራተኛ፣ ለእያንዳንዱ ኪራይ አራት ቀን ይመዝገብ፤ የወጣበት፣ የደረሰበት፣ የተነሳበትና የተመለሰበት። አራቱ ቀናት በደብተር ላይ ካሉ ጥፋቱ የመንገድ፣ የደንበኛ ወይም የራሱ የአከራዩ መሆኑ በአንድ ወቅት ውስጥ ይለያል።

ኔትፍሊክስ ፊልም በኢንተርኔት ማሳየት የጀመረው በጥር 2007 እ.ኤ.አ. ነው። የፖስታ ኪራዩ ግን እየቀነሰ እስከ መስከረም 29 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ቆይቶ በዚያ ቀን ተዘጋ። እስከዚያ ከ5 ቢሊዮን በላይ ዲስክ ተልኳል። በመጨረሻ ኩባንያው ደንበኞቹ በእጃቸው ያለውን ዲስክ ወስደው እንዲያስቀሩት ፈቀደ። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ቶሎ እንዲመለስ ሲደከምለት የኖረ ዕቃ የሚቀጥለው ተከራይ በሌለበት ቀን በነፃ ተሰጠ። የኪራይ ዕቃ ዋጋው መመለሱ ነው።